የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ ድምፅ እምቢ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ጌም መጫወት ድሮ ትዕግሥተኛ ሰው ይፈልግ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ጌሞች ስቲም በሚባለው የጌም መደብር ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይከፈታሉ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ፍጥነቱም ደህና ነው። ድምፁ ግን ያስቸግራል። አንዱ ጌም ጭራሽ ዝም ይላል። ሌላው ምጣድ ላይ እንዳለ ጥብስ ቸስ ቸስ ይላል። ሦስተኛው ሙዚቃውን እያሰማ ሰዎቹ ሲያወሩ አፋቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እነዚህ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ብዙ ሰው ግን ለሁሉም አንድ መድኃኒት ይወስዳል፦ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያሠራውን ዋይንን ነቅሎ እንደገና መጫን። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይለውጥም።

ለመሆኑ የጌሙ ድምፅ ጆሮዬ እስኪደርስ በየት በየት ያልፋል?

ጌሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ድምፅ ሲፈልግ የሚጠራውም ዊንዶውስን ነው። ዳይሬክትሳውንድ፣ ኤክስኦዲዮ፣ ዋሳፒ የሚባሉት የዊንዶውስ የድምፅ በሮች ናቸው። ሊኑክስ ላይ እነዚህ በሮች የሉም። በእነሱ ፈንታ "አቤት" የሚለው ዋይን ነው። ዋይን ከ1993 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ፕሮግራም ነው። ስቲም ውስጥ የዊንዶውስ ጌሞችን የሚያሠራው፣ የስቲም ባለቤት ቫልቭ በ2018 ያወጣው ፕሮቶንም መሠረቱ ዋይን ነው።

ዋይን የተቀበለውን ድምፅ ለድምፅ ሰርቨሩ ያስረክባል። ሰርቨሩ የጌሙን፣ የብሮውዘሩንና የቴሌግራሙን ድምፅ አደባልቆ ወደ አንድ ስፒከር ይልካል። ድሮ ይህን ሥራ የያዘው ፐልስኦዲዮ ነበር። አሁን ቦታውን ፓይፕዋየር ወስዶታል። ከሊኑክስ ዓይነቶች ፌዶራ በ2021 በወጣው 34ኛ ዕትሙ፣ ኡቡንቱ ደግሞ በ22.10 ወደ ፓይፕዋየር ዞረዋል። ከሰርቨሩ በታች፣ የሊኑክስ እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ፣ አልሳ አለ። ከድምፅ ካርዱ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ልንገራችሁ። ፓይፕዋየር ለአሮጌ ፕሮግራሞች ራሱን ፐልስኦዲዮ አስመስሎ ያቀርባል። ስለዚህ ዋይን ሰቲንግ ውስጥ "ፐልስ" የሚል ስም ብታዩ አትደንግጡ። ስህተት አይደለም፣ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

እንግዲህ አራት ጣቢያ አለን፦ ጌሙ፣ ዋይን፣ ሰርቨሩ፣ አልሳ። ድምፁ ከአራቱ በአንዱ ቀርቷል። የትኛው ላይ እንደቀረ ሳታውቁ ምንም ነገር አትንኩ።

ጌሙ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለም። ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ብሮውዘር ላይ አንድ ቪዲዮ ክፈቱ። እሱም ዝም ካለ ጥፋቱ የዋይን አይደለም። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሂዱ።

ቪዲዮው ከተሰማ "ፓቩኮንትሮል" የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ጫኑ። በሁሉም ዋና ዋና የሊኑክስ ዓይነቶች የሶፍትዌር ማከማቻ ውስጥ አለ። ፓይፕዋየር ላይም ይሠራል። ጌሙን አስነሱ። ሳትዘጉት ወደ ፓቩኮንትሮል ተመለሱና "ፕሌይባክ" የሚለውን ገጽ እዩ። ሊያጋጥማችሁ የሚችለው ከሦስት አንዱ ነው።

የጌሙ ስም አለ፣ የድምፅ መለኪያው መስመርም ይንቀሳቀሳል። ይህ የምሥራች ነው። ድምፁ ከጌሙም ከዋይንም በሰላም ወጥቷል ማለት ነው። ወይ ወደ ሌላ መሣሪያ እየሄደ ነው፣ ወይ ድምፁ ተዘግቷል። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ በዚህ ተሰቃይቻለሁ። ዋይንን ሁለት ጊዜ ነቀልኩ፣ ከርነል ቀየርኩ፣ ሊነጋጋ ሲል ኡቡንቱን እንደገና ልጭን ፍላሽ አዘጋጀሁ። ለካስ ድምፁ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሞኒተሩ እየሄደ ነበር። ሞኒተሩ ስፒከር የለውም። በስሙ ጎን ካለው ዝርዝር ትክክለኛውን ስፒከር መምረጥ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

መዘጋቱንም አትናቁት። ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ፕሮግራም የድምፅ መጠን ያስታውሳል። ከወር በፊት ስልክ ተደውሎላችሁ የጌሙን ድምፅ ብቻ ዘግታችሁ ከሆነ፣ ዛሬም እንደተዘጋ ነው የሚነሳው። እናንተ ረስታችሁታል፣ እሱ አልረሳም።

ሁለተኛው፦ ስሙ አለ፣ መስመሩ ግን አይነቃነቅም። ዋይን በሩን ከፍቷል፣ ጌሙ ግን የሚልከው ዝምታ ነው። የጌሙን የራሱን የድምፅ ሰቲንግ እዩ። አንዳንድ ጌሞች በውስጣቸው የድምፅ መሣሪያ ያስመርጣሉ። አሁን ያልተሰካ ሄድፎን ተመርጦ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው፦ ስሙ ጭራሽ የለም። ያኔ ነው ዋይንን መጠርጠር ያለባችሁ።

ብሮውዘሩም ጌሙም ዝም ብለዋል። ሰቲንግ ውስጥ "ደሚ አውትፑት" ይላል።

"ደሚ" ማለት የውሸት መሣሪያ ነው። ሰርቨሩ አንድም የድምፅ ካርድ አላገኘም፣ ስለዚህ የይስሙላ ካርድ ፈጠረ። ኢንቴል ባላቸው አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዋናው ምክንያት የጎደለ ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ለመሥራት የሚፈልገው ትንሽ ፕሮግራም ነው። "ሶፍ ፈርምዌር" የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑና ሪስታርት አድርጉ። ላፕቶፑ በጣም አዲስ ከሆነ ከርነሉንም ማሳደግ ያስፈልግ ይሆናል።

ካርዱ እያለ ዝም ካለ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ "አልሳሚክሰር"ን ክፈቱ። ከአምዶቹ ሥር ሁለት "ኤም" ፊደል ካያችሁ ያ መሥመር ተዘግቷል። የ"ኤም"ን ቁልፍ ስትጫኑ ይከፈታል። "ኦቶ ሚውት" የሚል መሥመርም አለ። ኢርፎን ሲሰካ ስፒከሩን የሚዘጋው እሱ ነው። የላፕቶፑ መሰኪያ አርጅቶ ኢርፎን ሳይኖር "አለ" የሚል ከሆነ ኦቶ ሚውትን አጥፉት። ብዙ እጅ ያለፈበት ላፕቶፕ ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ብሮውዘር ይሰማል፣ ጌሙ ግን ፓቩኮንትሮል ላይ አይታይም።

የዋይንን ማስተካከያ መስኮት ክፈቱ። በራሱ ዋይን ለምትጫወቱት ጌም "ዋይን ሲኤፍጂ" ይባላል። ለስቲም ጌም ደግሞ "ፕሮቶንትሪክስ" የሚባለው መሣሪያ የዚያን ጌም ማስተካከያ ይከፍትላችኋል። "ኦዲዮ" የሚለው ገጽ ላይ የተመረጠው ድራይቨር ተጽፏል። ፐልስ ወይም አልሳ ካለ ጥሩ። የተመረጠ ድራይቨር ከሌለ ዋይን ወደ ሰርቨሩ መግቢያ አላገኘም። እዚያው የመሞከሪያ ቁልፍ አለ፣ ተጫኑት።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። የሙከራው ድምፅ ተሰምቶ ጌሙ ዝም ሊል ይችላል። ምክንያቱም ማስተካከያው መስኮት ባለ 64 ቢት ነው፣ አሮጌ ጌሞች ግን ባለ 32 ቢት ናቸው። ባለ 32 ቢቱ ጌም ባለ 32 ቢት የድምፅ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ስብስብ) ይፈልጋል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ባለ 64 ቢቱ ብቻ ከሆነ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ድዳ ይሆናል። መፍትሔው የፐልስኦዲዮን ላይብረሪና የአልሳን ፕለጊን በ32 ቢት ዕትም መጫን ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ መጀመሪያ ባለ 32 ቢት ፓኬጆችን መፍቀድ ያስፈልጋል። አርች ላይ "መልቲሊብ" የሚባለውን ማከማቻ መክፈት።

ስቲም ውስጥ ይህ ችግር እምብዛም አይገጥምም። ፕሮቶን የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች የያዘ የራሱ ዕቃ ቤት ይዞ ነው የሚመጣው። በ2024 መጀመሪያ የወጣው ዋይን 9.0 ደግሞ ባለ 32 ቢት ጌም ያለ ባለ 32 ቢት የሊኑክስ ላይብረሪ እንዲሠራ የሚያደርግ አዲስ አሠራር በሙከራ መልክ ይዞ መጥቷል። ይህ ሥራ እየበሰለ ሲሄድ ይህ ጥያቄ ከዚህ ገጽ ይወጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ድምፁ አለ፣ ግን ይቆራረጣል፣ ቸስ ቸስ ይላል።

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ከሁሉም በላይ የተሳሳተ ምክር የሚሰጥበትም ይኸው ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም እናድርገው።

ድምፅ ወደ ካርዱ የሚሄደው እንደ ቧንቧ ውኃ ሳይቋረጥ አይደለም። በባልዲ በባልዲ ነው። ካርዱ አንዱን ባልዲ አጫውቶ ሲጨርስ ሌላው ሞልቶ መጠበቅ አለበት። ካልደረሰ ካርዱ የሚያጫውተው ያጣል። ያቺ ካርዱ የሚያጣባት ቅጽበት ናት "ጠሽ" ብላ የምትሰማችሁ። ፓይፕዋየር በተለምዶ በሴኮንድ 48,000 ናሙና ያጫውታል፣ የባልዲው መጠን ደግሞ 1,024 ናሙና ነው። ይህ ወደ 21 ሚሊሴኮንድ ይሆናል። ጌሙ ግን ከዚህ ያነሰ ባልዲ ሊጠይቅ ይችላል። ባልዲው ሲያንስ ድምፁ ቶሎ ይደርሳል። ግን ፕሮሰሰሩ ትንሽ ሲዘናጋ ባዶ ባልዲ ይቀርባል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን እዩ። ቻርጀር ላይ ሲሆን ደህና ሆኖ በባትሪ ሲሆን የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ላፕቶፑ ኃይል ቆጣቢ ሁኔታ ላይ ነው። ወደ መካከለኛው ወይም ወደ ከፍተኛው ቀይሩት። ጌሙን ከፍታችሁ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ቸስ ብሎ በኋላ የሚጠራ ከሆነ ምናልባት ሼደር የሚባሉትን የግራፊክስ ካርዱን ትንንሽ ፕሮግራሞች እያዘጋጀ ነው። ተዉት፣ ይጨርስ።

ይህ ካልሆነ ባልዲውን እናሳድግ። ስቲም ላይ ጌሙን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ "ፕሮፐርቲስ" ውስጥ ግቡ። "ላንች ኦፕሽንስ" የሚል ባዶ መስመር አለ። እዚያ ላይ "ፐልስ"፣ "ሌተንሲ" እና "ኤምሴክ" የሚሉትን ሦስት ቃላት በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፉ። መካከላቸው ክፍተት ሳይሆን የታች ሰረዝ ይግባ። ከዚያ የእኩል ይሆናል ምልክትና 60። ቀጥሎ አንድ ክፍተት፣ ከዚያ "ኮማንድ" የሚለው ቃል በትንንሽ ፊደላት፣ ከፊትና ከኋላው የፐርሰንት ምልክት ተደርጎለት። ይህ ለጌሙ 60 ሚሊሴኮንድ የሚሆን መጠባበቂያ ይሰጠዋል። ካልበቃ 90 ሞክሩ። ከዚያ በላይ መሄድ አልመክርም። ተኩሱን ካያችሁት በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው።

ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ "ፒደብሊው ቶፕ" የሚባል የፓይፕዋየር መሣሪያ አለ። ተርሚናል ላይ ይከፈታል። ድምፅ የሚጠቀሙትን ፕሮግራሞች በሙሉ ይዘረዝራል። ከአምዶቹ አንዱ የስህተት ቁጥር ነው። ቸስ ባለ ቁጥር የማን ቁጥር እንደሚጨምር ተመልከቱ። አንዳንዴ ጌሙ ንጹሕ ሆኖ ከጀርባ የተከፈተ ሌላ ፕሮግራም ይገኛል።

ዩኤስቢ ሄድሴት ከሆነ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። በተለይ በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል ከተሰካ ማከፋፈያውን ንቀሉና በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት። የቂል ምክር ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ዘግይቶ ይመጣል።

ብሉቱዝ ነው? እንግዲያው መልሱ እሱ ነው። ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሴኮንድ በላይ ያዘገያል። ለዘፈን ችግር የለውም፣ ለተኩስ ጌም ግን አይሆንም። የገመድ ኢርፎን ተጠቀሙ። ብሉቱዝ ካልሆነ ምናልባት ከላይ ያለውን ቁጥር አብዝታችሁታል። ቀንሱት።

የብሉቱዝ ሄድፎኔ ጌም ስከፍት እንደ ስልክ ድምፅ ይሆናል።

እውነትም የስልክ ድምፅ ነው። ብሉቱዝ ሁለት አሠራር አለው። አንዱ ለማዳመጥ ብቻ የሚሆን ጥራት ያለው ነው፣ ኤቱዲፒ ይባላል። ሌላው ለስልክ ንግግር የተሠራ ነው። ማይክ አለው፣ ድምፁ ግን በአንድ ቻናል ብቻ የታፈነ ነው። ጌሙ የድምፅ ቻት ካለው ሲከፈት ማይኩን ይነካል። ማይኩ ሲነካ ሄድፎኑ ወደ ስልኩ አሠራር ይገለበጣል።

ፓቩኮንትሮል ላይ "ኮንፊገሬሽን" ገጽ ግቡና ኤቱዲፒ የሚለውን ምረጡ። ማይክ ካስፈለጋችሁ የላፕቶፑን ማይክ ዋና አድርጉት። ከማታውቁት ሰው ጋር የማታወሩ ከሆነ የጌሙን የድምፅ ቻት ራሱን አጥፉት። እኔ ሁልጊዜ አጠፋዋለሁ፣ ለድምፁ ብቻ ብዬ አይደለም።

ሙዚቃና ፍንዳታ ይሰማል፣ ሰዎቹ ሲያወሩ ግን አይሰማም።

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ሲፈታ ሰው ይስቃል። ጌሙ ቤታችሁ ውስጥ ስድስት ስፒከር ያላችሁ መስሎታል። ፋይቭ ፖይንት ዋን በሚባለው አደረጃጀት ንግግር የሚላከው ፊት ለፊት መሃል ላይ ለሚቀመጠው ስፒከር ነው። እናንተ ያላችሁ ግን ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙዚቃው በግራና በቀኝ ይመጣል፣ ንግግሩ ግን ለሌለ ስፒከር ይላካል።

ፓቩኮንትሮል ላይ "ኮንፊገሬሽን" ግቡ። "ሰራውንድ" የሚል ከተመረጠ ወደ "ስቴሪዮ" ቀይሩት። ጌሙን ዝጉና እንደገና ክፈቱ። በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር ላይ፣ እንዲሁም "ሰቨን ፖይንት ዋን" ተብለው በሚሸጡ የጌም ሄድሴቶች ላይ በብዛት ይታያል።

ጌሙ ደህና ነው፣ በመሃል የሚመጡት ቪዲዮዎች ግን ድምፅ የላቸውም።

ይህ የድምፅ ችግር ሳይሆን የቪዲዮ ኮዴክ፣ ማለትም የቪዲዮ ፎርማት ማንበቢያ ችግር ነው። ጌሞች የታሪክ ቪዲዮዎቻቸውን ብዙ ጊዜ በዊንዶውስ ፎርማት ያስቀምጣሉ። አንዳንዶቹ ፎርማቶች የፓተንት ጣጣ ስላለባቸው ቫልቭ ማንበቢያቸውን ከፕሮቶን ጋር እንዲሁ ማደል አይችልም። በምትኩ ቪዲዮዎቹን ራሱ ወደ ሌላ ፎርማት ቀይሮ በስቲም በኩል ይልካል። ያልተቀየረ ቪዲዮ ሲገጥም የድሮ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሥርጭት ሳይጀምር ያሳይ የነበረው ዓይነት ባለ ቀለም መስመር ይመጣል።

እነዚህ ቪዲዮዎች የሚወርዱት ከሼደር ማውረጃው ጋር ነው። ዳታ ለመቆጠብ ብላችሁ ስቲም ሰቲንግ ውስጥ የሼደር ማውረጃውን አጥፍታችሁት ከሆነ ቪዲዮዎቹም አብረው ቀርተዋል። ለዚያ ጌም ስትሉ መልሳችሁ ክፈቱት። ካልሆነ ጂኢ ፕሮቶን የሚባለውን ዕትም ሞክሩ። ከቫልቭ ውጭ የሚዘጋጅ ነው፣ ተጨማሪ ኮዴክ ይዟል። "ፕሮቶንአፕ ኪውቲ" በሚባል ፕሮግራም በቀላሉ ይጫናል። ከጫናችሁ በኋላ ስቲምን ዘግታችሁ ክፈቱ። ከዚያ በጌሙ "ፕሮፐርቲስ" ሥር "ኮምፓቲቢሊቲ" ውስጥ ምረጡት።

የልጅነቴን ጌም ጫንኩ፣ ድምፅ አለው፣ ሙዚቃ የለውም።

በ1990ዎቹ የነበሩ ብዙ ጌሞች ሙዚቃቸው ፋይል ውስጥ አልነበረም። እንደ ዘፈን ሲዲ በቀጥታ ከዲስኩ ላይ ነበር የሚጫወተው። የጌሙን ፎልደር ብቻ ከጓደኛ ከቀዳችሁ ሙዚቃው ዲስኩ ላይ ቀርቷል። ዋይን የሌለውን አያመጣም።

ሌሎቹ ደግሞ ሚዲ ይጠቀማሉ። ሚዲ ድምፅ ሳይሆን ኖታ ነው። አንድ የሚጫወተው ያስፈልገዋል። ዊንዶውስ ውስጥ ተጫዋቹ አብሮ ይመጣል፣ ሊኑክስ ላይ ግን አይመጣም። "ፍሉይድሲንዝ" የሚባለውን የመሣሪያዎችን ድምፅ ከያዘ አንድ የሳውንድፎንት ፋይል ጋር ጫኑና ከጌሙ በፊት አስነሱት።

ፐልስኦዲዮን አጥፋ፣ የአልሳን ፋይል እንደገና ጻፍ የሚል ምክር አነበብኩ። ልሞክር?

የተጻፈበትን ዓመት እዩ። ፐልስኦዲዮ ገና አዲስ በነበረበት ዘመን ይህ ምክር ትርጉም ነበረው። ዛሬ ፓይፕዋየር ላይ ብትሞክሩት ደህና የነበረውን ታበላሻላችሁ። እንዲያውም ከዚያ ዘመን የተረፈ የአልሳ ማስተካከያ ፋይል ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ተደብቆ ካለ ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ይችላል። ስሙን ቀይሩና ሞክሩ።

"ኤክስኦዲዮን ከዊንዶውስ አምጥተህ ተካ" የሚለውም እንደዚሁ ነው። ዋይን ከ2019 ጀምሮ ኤክስኦዲዮን የሚሠራው ኤፍኦዲዮ በሚባል ጥሩ ላይብረሪ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ምክር በአብዛኛው ጊዜው አልፎበታል። አልፎ አልፎ ለአንድ ለሁለት ግትር ጌም ይሠራል፣ ግን የመጨረሻ ሙከራ ይሁን።

ሁሉንም ሞከርኩ፣ ምንም የለም። አሁንስ?

የፕሮቶኑን ዕትም ቀይሩ። አንዱ ላይ የተበላሸ ሌላው ላይ ደህና የሚሆንበት ጊዜ አለ። "ፕሮቶንዲቢ" የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የጌሙን ስም ፈልጉ። ሌሎች ተጫዋቾች የሠራላቸውን እዚያ ይጽፋሉ። ቀጥሎ ስቲም ለጌሙ የፈጠረውን የውሸት ዊንዶውስ ፎልደር ማጥፋት ይቻላል፣ ጌሙ ሲነሳ አዲስ ይፈጥራል። ግን ሴቭ ያደረጋችሁት ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቅጂ ያዙ። ይህን ሳያደርግ የ40 ሰዓት ጨዋታውን ያጠፋ ሰው አውቃለሁ።

እርዳታ ስትጠይቁ "ድምፅ የለም" ብቻ አትበሉ። የሊኑክሱን ዓይነትና ዕትም፣ የጌሙን ስም፣ የፕሮቶኑን ዕትም፣ ፓቩኮንትሮል ላይ ያያችሁትን ጻፉ። ሎግ፣ ማለትም ጌሙ ሲሠራ የሆነውን የሚመዘግብ ፋይል፣ ከተጠየቃችሁ ላንች ኦፕሽንስ ላይ "ፕሮቶን" እና "ሎግ" የሚሉትን በትልልቅ ፊደል፣ በታች ሰረዝ አገናኝታችሁ፣ እኩል ይሆናል 1 ብላችሁ ጻፉ። ከኋላው ያቺው በፐርሰንት የታጠረች "ኮማንድ" ትከተል። ጌሙን ከፍታችሁ ስትዘጉ ሆም ፎልደር ውስጥ ፋይል ታገኛላችሁ። ረጅም ነው፣ አይታችሁ አትደናገጡ። ከመላካችሁ በፊት ግን በጽሑፍ ማረሚያ ከፍታችሁ የራሳችሁን ስም ፈልጉ። የፎልደሮቹ አድራሻ ውስጥ የኮምፒውተር መግቢያ ስማችሁ በብዙ ቦታ ይገባል፣ በሌላ ቃል ተኩት።